መጀመሪያ ማደሪያ፣ ከዚያ መንገድ



እዚህ ድል ይብዛ ከተማ መጥቼ ስለ ብስክሌት እንድናገር ስጋበዝ መጀመሪያ የጠየቅሁት «ለማን?» ብዬ ነው። የጠሩኝ ሴት መምህራን «ለእኛው ነዋ! በጤና ኬላ ለሚሠሩትም፣ ለትምህርት ወደ ደባርቅ ለሚወርዱት ልጆችም» አሉኝ። ርዕሱንም እነሱው ቆርጠው ሰጡኝ፦ አንዲት ሴት በብስክሌት ረጅም መንገድ ልትሄድ ብትነሣ ምን ማወቅ አለባት? እኔም እሺ ብዬ መጣሁ።

ደጅ የቆመውን ብስክሌት አይታችሁ «ከደባርቅ ድረስ እየነዳችው መጣች» ያላችሁ ካላችሁ ግን ላርማችሁ። በአይሱዙ ተጭኖ ነው የመጣው። የቧሂትን ተራራ የሚሻገረው መንገድ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ይወጣል። ጠጠሩን፣ ቁልቁለቱን፣ ጉሙን እናንተ ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ። አስቤበት ነው የጫንኩት፤ ለምን እንደሆነ በአንዲት ሴት ታሪክ ላስረዳ።

ሴትዮዋ ደርቭላ መርፊ ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1931 አየርላንድ ውስጥ ሊዝሞር በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደች። አሥር ዓመት ሲሞላት ብስክሌትና የካርታ መጽሐፍ ተሰጣት። በዚያው ሰሞን ዳገት ላይ ፔዳል እየረገጠች ሳለ፣ እንዲህ ካላቋረጥኩ ህንድ መድረሴ አይቀርም ብላ አሰበች። ሐሳቧን እስክትፈጽም ግን ሃያ ዓመት አለፈ። እናቷ በመገጣጠሚያ ሕመም አልጋ ላይ ስለዋሉ በ14 ዓመቷ ትምህርቷን ትታ አስታማሚ ሆነች። ይህንን ለእናንተ ማብራራት አይጠበቅብኝም፤ እንዲህ ያለች ልጅ በየቤታችን አለች። ወላጆቿ ካረፉ በኋላ እ.ኤ.አ. በጥር 1963 ከአውሮፓ ከባድ በረዶ ጋር እየታገለች ተነሣች። በቱርክ፣ በኢራን፣ በአፍጋኒስታንና በፓኪስታን አልፋ በዚያው ዓመት ህንድ ገባች።

ወደ እኛ አገር የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። በ1959 ዓ.ም. ምጽዋ ወርዳ እስከ አዲስ አበባ ለመጓዝ ስትነሣ ብስክሌት አልያዘችም። መቀሌ ላይ በልዕልት አይዳ ደስታ እርዳታ በቅሎ አገኘች። በመጽሐፎቿ አሳታሚ ስም ጆክ ብላ ጠራችው፤ ዕቃዋን ጫነችበትና እነዚህን የስሜን ተራሮች በእግሯ ተሻገረች። ጉዞዋን የጻፈችበት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1968 ታትሟል።

እስከ ህንድ ብስክሌት የነዳች ሴት ለዚህ አገር በቅሎ መረጠች ማለት ነው። ስለዚህ እህቶቼ፣ ብስክሌት የማይሄድበትን መንገድ በመኪናም በበቅሎም ተሻገሩት፤ ማንም አይቆጥርባችሁም። ጉዞው የእናንተ ነው፣ ዳኛ የለበትም። የእኛዋ ብስክሌተኛ እየሩ ገብሩ እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ ኦሎምፒክ ከስደተኞች ቡድን ጋር ተሰልፋ ስትወዳደር ከፊቷ ሰዓት፣ ከኋላዋ አጃቢ መኪና ነበር። ያ ውድድር ነው። እኛ የምናወራው ጠዋት ተነሥቶ፣ ማታ በሰላም ደርሶ፣ እግር ታጥቦ ስለሚተኛበት ጉዞ ነው።

ዛሬ የምናገረው ብዙ ነው፤ ሥሩ ግን አንድ ነው፤ ደጋግሜ እለዋለሁ፦ መጀመሪያ ማደሪያ፣ ከዚያ መንገድ። ከማደሪያው ጀምሬ ወደ ብስክሌቱ፣ ከብስክሌቱ ወደ ገላችን፣ በመጨረሻም መንገድ ላይ ወደምናገኘው ሰው እሄዳለሁ።

አንደኛው ማደሪያ ነው። የድሮ ነገሥታትን ዜና መዋዕል ያነበባችሁ፣ ጸሐፊው ንጉሡ በየቀኑ የት እንደሰፈሩ ሳይጽፍ እንደማያልፍ ታስታውሳላችሁ። እቴጌ ጣይቱ ብጡል የስሜኑ ገዥ የደጃዝማች ውቤ የወንድም ልጅ ናቸው፤ ከዚህ አገር ዘር ናቸው። በ1888 ዓ.ም. የራሳቸውን ጦር ይዘው ወደ አድዋ ሲዘምቱ ያ ሁሉ ሰው የሚንቀሳቀሰው ከሰፈር ወደ ሰፈር ነበር። ውሃ የት አለ፣ ሣር የት አለ፣ ድንኳን የት ይተከላል የሚለው ሳይታወቅ ጉዞ አይታሰብም።

ብስክሌተኛዋም እንዲሁ ናት። ብዙ ጀማሪዎች «ዛሬ ስንት ኪሎ ሜትር እሄዳለሁ?» ብለው ይነሣሉ። አንቺ ግን «ዛሬ የት አድራለሁ?» ብለሽ ጀምሪ፤ ኪሎ ሜትሩ ከዚያ ይወጣል። ምሳሌ ልስጥ። ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ነው። «የአንድ ቀን መንገድ ነው» የሚሉ ወንዶች አሉ፤ ይሁንላቸው። ዕቃ ለጫነች ጀማሪ ግን ዳባት ምሳዋን በልታ፣ አምባ ጊዮርጊስ አድራ፣ በማግሥቱ ጎንደር ብትገባ ይሻላታል። በሁለተኛው ቀን ወደ ጎንደር የሚወርደው ቁልቁለት ጠዋት፣ ጉልበቷም ዐይኗም ንቁ ሳለ ይደርሳታል። ጎንደር ሁለት ቀን አርፋ ወደ ባሕር ዳር መቀጠል ከፈለገች ደግሞ በማክሰኝት አልፋ አዲስ ዘመን ታድራለች፤ በማግሥቱ በወረታ በኩል ጣና ዳር ትደርሳለች። ባሕር ዳር ውስጥ ብስክሌት የምትነዳ ሴት ብርቅ አይደለችም፤ ዞር ብሎ የሚያያትም የለም፤ እኔ ያደግሁበት ስለሆነ ትንሽ ላሞግሰው ነው።

ማደሪያሽ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ድረሺ። ጀምበር የምትጠልቀው 12 ሰዓት አካባቢ ነው፤ በመካከል ያለው ሁለት ሰዓት ጎማ ቢተነፍስ፣ ዝናብ ቢይዝሽ፣ መኝታው ባይጥምሽ መጠባበቂያሽ ነው። ይህንን ሁለት ሰዓት ማንም እንዳይሰርቅሽ፤ አስጎብኚም፣ ቡና ጠጪ የሚል ወዳጅም ቢሆን።

ፔንሲዮን ስትይዢ ክፍያ ከመፈጸምሽ በፊት ክፍሉን ግቢና እዪ። በሩ ከውስጥ መቀርቀሪያ አለው? ቁልፉ ይዞራል? መስኮቱ ይዘጋል? ብስክሌቱን ክፍልሽ ውስጥ ይዘሽ ግቢ፤ እንቢ ካሉሽ ሌላ ቤት ሂጂ። ብቻሽን መሆንሽን ለጠየቀ ሁሉ አትናገሪ። «ጓደኞቼ ከኋላ እየመጡ ነው» ብትዪ ኃጢአት አይሆንብሽም፤ ቄስ ካላችሁ ፍቱኝ። የነገ መንገድሽን ለቤተሰብሽና ለአንዲት ወዳጅሽ ትናገሪያለሽ፤ ለባሩ ሰው አትናገሪም።

ፔንሲዮን በሌለበት ገጠር ከመሸብሽ አባቶቻችን የተዉልን ቃል አለ፦ የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ። ቃሉ ዛሬም ይሠራል፤ አጠቃቀሙን ግን እወቂበት። ሴትና ልጆች የሚታዩበትን ግቢ ምረጪ፤ መጀመሪያ ለእናትየዋ ሰላምታ ስጪ። ጀምበር ሳትጠልቅ ብትጠይቂ እንግዳ ነሽ፤ ከጨለመ በኋላ ብትጠይቂ ግን የሰው ቤት ላይ ጭንቅ ይዘሽ ነው የምትገቢው፤ ውሻውም ተፈትቷል። ግማሽ ኪሎ ስኳር ወይም አንድ ሳሙና ከያዝሽ ለቤቱ ትሰጪያለሽ፤ ገንዘብ ግን ሰውን ያሳፍራል፤ ካስፈለገ ለልጆቹ ደብተር መግዣ ብለሽ ጠዋት ስትለዪ ስጪ። ሁለተኛው አማራጭ ጤና ኬላው ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቀበሌውን በሙሉ ታውቃለች፣ ሴትም ናት። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያላችሁት የሙያ እህቶቻችን፣ አደራውን ለእናንተ እሰጣለሁ፤ አንድ ቀን በራችሁ ላይ ብስክሌት ይዛ የምትቆም ሴት ብትመጣ አስገቧት።

ማደሪያ ስል ሰላምንም እያልኩ ነው። ይህ አካባቢ ባለፉት ዓመታት ምን እንዳየ ለዚህ አዳራሽ ነጋሪ አያሻውም። መንገዱ ክፍት ነው አይደለም የሚለውን በዋዜማው ጠይቂ፤ በጠዋቱም ድገሚ። ከሁሉ ቀድመው የሚያውቁት ሾፌሮች ናቸው፤ መናኸሪያ ሄደሽ ከዚያ በኩል የመጣውን ሰው አነጋግሪ። ሦስት ሾፌር «አትሂጂ» ካለሽ ማደሪያሽ ቤትሽ ነው። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

ሁለተኛው ብስክሌቱ ነው። አኒ ለንደንደሪ በሚል ስም የምትታወቅ አንዲት የሦስት ልጆች እናት እ.ኤ.አ. በ1894 ከአሜሪካ ቦስተን ዓለምን ልዞር ብላ ተነሣች። ረጅም ቀሚስ ለብሳ፣ 19 ኪሎ የሚመዝን የሴት ብስክሌት ይዛ ነበር። ቺካጎ ስትደርስ ወገቧ ተቆረጠ። እዚያው 9 ኪሎ ተኩል ገደማ በሚመዝን የወንድ ብስክሌት ቀየረችው፤ ቀሚሱንም በሰፊ ሱሪ ለወጠች። ከዚያ በኋላ ነው ጉዞው የሄደላት። ዛሬም የሚያደክምሽ ክብደት ነው። ልብስ ሁለት ቅያሪ ይበቃል፤ አንዱ ሲታጠብ አንዱን ትለብሻለሽ።

ብስክሌት ስትገዢ ቀለሙን ተዪና ቁመቱን ለኪ። ከኮርቻው ፊት ቆመሽ አግዳሚው ብረት እንዳይነካሽ። ኮርቻው ላይ ተቀምጠሽ ተረከዝሽን ታች የወረደው ፔዳል ላይ ስታሳርፊ እግርሽ ቀጥ ማለት አለበት፤ ከታጠፈ ኮርቻው አጥሯል፤ ጉልበትሽ ከሳምንት በኋላ ይነግርሻል። የኮርቻው ነገር ለሴት ዋናው ነው። የምንቀመጥባቸው አጥንቶች በአብዛኛው ከወንዶች ራቅ ራቅ ያሉ ስለሆኑ ከኋላ ሰፋ ያለ ኮርቻ ያሻናል። አፍንጫው ወደ ላይ ያዘነበለ ከሆነ ያቆስላል፤ አስተካክለሽ ወይ ደልዳላ ወይ በጥቂቱ ወደ ታች አድርጊው። በጣም ለስላሳ ስፖንጅ ያለውን አትምረጪ፤ ሱቅ ውስጥ ደስ ይላል፣ ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ ግን ሥጋሽ ውስጥ ይሰምጣል። መሪውንም ከፍ ብታደርጊው ከእጅሽና ከፊት በኩል ጫናው ይቀንሳል። ለእኛ ዳገት ደግሞ ማርሹ ቀላል የሆነ ብስክሌት ፈልጊ፤ ማርሽ የሌለው ለባሕር ዳር ሜዳ ነው።

ስለ ጭነት እናንተን ማስተማር ድፍረት ነው። በቅሎ ስትጭኑ ግራና ቀኙን ሳታመዛዝኑ መጫኛ አታጠብቁም፤ ብስክሌትም ያው ነው። ሁለት ከረጢት ከማዳበሪያ ጆንያ ማሰፋት ይቻላል፤ ውስጡን በፕላስቲክ ሸፍኑት። ከባዱ ዕቃ ከታች ይሁን። ጀርባሽ ላይ ምንም አትሸከሚ፤ ወገብሽ ለሌላ ጉዳይ ይፈለጋል።

ነጠላን በሚመለከት እለምናችኋለሁ። የነጠላ ጫፍ ከትከሻ ሾልኮ የኋላ ጎማ ውስጥ ሲገባ አይታወቅም። መጀመሪያ ጥለቱ ሰንሰለቱ ላይ ይጠቀለላል፤ ከዚያ ጨርቁ በአንድ ጊዜ ይሳባል፤ የሚሳበው ደግሞ አንገትሽ ላይ ያለው ነው። ነጠላሽን ከረጢት ውስጥ አስቀምጪው፤ ማታ ሲበርድ፣ ቤተ ክርስቲያን ስትሳለሚ፣ ሜዳ ላይ ስትቀመጪ ጋሻሽ ይሆናል። ቀሚስ መልበስ ካለብሽ ከውስጡ ሱሪ ይኑር፤ ጫፉንም በሰንሰለቱ በኩል በገመድ እሰሪው።

ከደባርቅ ወደ ዛሪማ፣ በሊማሊሞ የምትወርድ ካለች ፍሬኗን በጠዋቱ ትፈትሽ። ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። ፍሬን ይዘሽ ስትወርጂ ጎማውን የያዘው ብረት ይግላል፤ በእጅሽ አትንኪው፣ ያቃጥላል። ሳታቋርጪ ከመያዝ ጠበቅ አድርገሽ ያዢ፣ ልቀቂ፣ እንደገና ያዢ። በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ ቁሚና አብርጂ፤ ገደሉንም ለማየት ይመቻል። ስትነጂ ግን ገደሉን አትዪ፤ ብስክሌት ዐይን ወዳየበት ይሄዳል።

ሦስተኛው ገላችን ነው። ወንድሞቼ፣ ካፈራችሁ ውጭ ፀሐይ አለ። ብዙ ሴቶች መንገድ ላይ ሽንት እንዳይመጣባቸው ውሃ አይጠጡም። ውጤቱ ራስ ምታት፣ ድካም፣ ከዚያም የሽንት ቧንቧ ሕመም ነው። ጠጪ። ብስክሌቱን ከመንገድ አውጥተሽ አስደግፊ፣ ነጠላሽን አገልድሚ፣ ጉዳይሽን ፈጽሚ። ስሜን ውስጥ ለዚህ የሚሆን ቁጥቋጦ ይጠፋል ብላችሁ አትንገሩኝ። የምንጭ ውሃ አፍልቶ ወይም በውሃ አጋር አክሞ መጠጣት ይገባል፤ መጠኑ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል።

የወር አበባ ጉዞ አይከለክልም። ሞዴስ በየመንደሩ ሱቅ ይገኛል ብሎ መውጣት ግን ሞኝነት ነው። ታጥቦ ተመልሶ የሚያገለግለውን ያዢ። ፍሬወይኒ መብራህቱ መቀሌ ላይ ያንን የሚያመርት ፋብሪካ አቋቁማ እ.ኤ.አ. በ2019 የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብላለች፤ የምትሠራው ሞዴስ በአግባቡ ከተያዘ ሁለት ዓመት ያህል ያገለግላል። ሲታጠብ ፀሐይ ላይ ይስጣ፤ ደብቆ ጥላ ውስጥ ማድረቅ ነው በሽታ የሚያመጣው። ኮርቻ ላይ ለረጅም ሰዓት የምትቀመጪበት የውስጥ ልብስ ስፌቱ ወፍራም እንዳይሆን፤ ማታ ማታ ታጥበሽ ደረቅ ልብስ ቀይሪ። ቁስል ከጀመረሽ አንድ ቀን እረፊ፤ አንድ ቀን ያላረፈች ሳምንት ትተኛለች።

ለምግብ እዚህ አገር ጭንቀት የለም። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ፤ የውጭ ብስክሌተኞች በውድ ዋጋ በወረቀት ጠቅልለው የሚይዙትን ጉልበት ሰጪ ምግብ እናቶቻችን በከረጢት ይሠሩታል። ከራበሽ በኋላ አትብዪ፤ ሳይርብሽ በየሰዓቱ እፍኝ እፍኝ ቆርጥሚ። በጾም የምትጓዝ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትበላ ዳገት መውጣቷን ከንስሐ አባቷ ጋር ትማከርበት፤ ለመንገደኛ የሚሉት አይጠፋም።

እናንተ በደጋ የተወለዳችሁ ስለ ከፍታ ብዙም አትቸገሩም። ከቆላ የምትመጣ እንግዳ ካለቻችሁ ግን ንገሯት፦ ቧሂት ላይ አየሩ የሚሰጠው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው 60 በመቶ ገደማ ነው። በአንድ ቀን ከመተማ ተነሥታ ተራራው ላይ ጨነቅ ልደር ብትል ራሷን ይፈልጣታል፣ ያስመልሳታል። ደባርቅ ሁለት ሌሊት ትደር፣ ከዚያ ሳንቃበር። እየባሰባት ከሄደ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ መውረድ። አያችሁ፣ እዚህም ጥያቄው የማደሪያ ነው፤ ቀን ከፍ ያለ ቦታ ወጥቶ ማታ ዝቅ ብሎ መተኛት ይረዳል።

አንድ ነገር ደግሞ በየቡና ስኒው የሚነሣ ስለሆነ አልዘለውም፦ «ብስክሌት የሴት ልጅን ድንግልና ይወስዳል»። የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት መግለጫ የድንግልና ምርመራ የሚባለው ራሱ ሳይንሳዊ መሠረት የለውም ብለዋል። ሰውነትን አይቶ ማን ምን እንዳደረገ የሚናገር ሐኪም የለም። ለልጆቻችሁ ብስክሌት ከመከልከላችሁ በፊት እዚህ ያሉትን የጤና ባለሙያዎች ጠይቋቸው፤ በአደባባይም ይመልሱላችኋል።

አራተኛውን ባጭሩ ልለፈው፤ ሰውና ውሻ ነው። ውሻ ሲመጣ አትሩጪ፤ ውረጂ፣ ብስክሌቱን በአንቺና በውሻው መካከል አድርጊ፣ ቀስ ብለሽ እለፊ። ጎንበስ ብለሽ ድንጋይ ያነሣሽ ከመሰለው ብዙውን ጊዜ ይመለሳል። ልጆች ከበው ሲጮሁ በቁጣ አትመልሺ፤ ትልቁን ለይተሽ ስሙን ጠይቂው። ስሙን የተናገረ ልጅ ድንጋይ ለመወርወር ይከብደዋል። ሽማግሌ ሲያጋጥምሽ ደግሞ ውረጂና እጅ ነሺ፤ ዳገት ላይ ከሆንሽ ማረፊያ ምክንያትም ታገኛለሽ። ተከትሎ የማይለቅሽ ጎረምሳ ካለ ወደፊት አትሽሺ፤ ሴቶች ያሉበት ሱቅ ወይም ቡና ቤት ገብተሽ ተቀመጪ፣ ለባለቤቷ ንገሪ። የኛ አገር ሴት ለዚህ ጉዳይ ፈጥና ትነሣለች።

ስልክሽን ማታ ቻርጅ አድርጊ፤ የስሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ኔትወርክ ይጠፋልና ከመግባትሽ በፊት ደውዪ። ብርሽን በሁለት ቦታ ከፍለሽ ያዢ። በክረምት ለመጓዝ አታስቢ፤ ከመስቀል በኋላ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ መንገዱም የደረቀ፣ ተራራውም አበባ የለበሰ ነው።

ንግግሬን እዚህ ላይ ላቁምና ወደ ሥራው፣ ወደ ጎማ ጥገና እንግባ። ዳባትና ደባርቅ ላይ ጎሚስታ አለ፤ በመካከላቸው ግን አንቺው ነሽ። ለዚህ የሚያስፈልገው ትርፍ ካላማዳሪያ፣ ማስቲሽ፣ ልጣፊ ጎማ፣ ትንሽ ፓምፕ፣ ሁለት ማንኪያና አንድ ካቻቢቴ ነው። ማንኪያው ለወጥ አይደለም፣ ጎማውን ለማውለቅ ነው። ብስክሌቱን ወደ ውስጥ አስገቡልኝና ገልብጡት፤ የኋላውን ጎማ ጠዋት ሆን ብዬ በሚስማር ወግቼዋለሁ። እጃቸው ዘይት ቢነካ የማይፈሩ ሁለት ሴቶች ወደ ፊት ይምጡልኝ፤ አንድ ሳፋ ውሃም ፈልጉልኝ፣ ቀዳዳውን በአረፋው ነው የምናገኘው።